አሥር ላይ የሚነቃው ሬዲዮ

ከጎረቤታችን የሚለየን ግድግዳ ጣውላ ነበር። በእኛ በኩል ጋዜጣ፣ በእነሱ በኩል አቡጀዲ ተለጥፎበታል። ቤቱ ድሮ የአንድ ነጋዴ ትልቅ ቤት ነበር አሉ፤ በኋላ ለአራት ቤተሰብ ሲካፈል በመሃል በመሃሉ ጣውላ ተመታበት። ከጊዮርጊስ ወደ አትክልት ተራ ሲወረድ ገባ ብሎ ባለ ግቢ ውስጥ ነው። እዚያ ሃያ ስድስት ዓመት ስኖር ያንን ጣውላ ሳላስብ የዋልኩበት ቀን የለም። ድስት ሳወርድ አስበዋለሁ፣ ልጄን ስቆጣ አስበዋለሁ፣ ሳስነጥስ እንኳ ፊቴን ወደ ሌላ አዞራለሁ። ባሌ በሕይወት ሳለ፣ "አንቺ የተጋባሽው ከግድግዳው ጋር ነው" ይለኝ ነበር።

ከጣውላው ማዶ አንድ ልብስ ሰፊና ባለቤታቸው ይኖሩ ነበር። ልጅ የላቸውም። ባለቤታቸው ስወልድ ገንፎ ያበሉኝ፣ ባሌ ሲሞት አጠገቤ እየተኙ ያሳለፉኝ ሴት ናቸው። እትዬ ነው የምላቸው። ጠዋት ጠዋት ጣውላውን በጣታቸው ሁለቴ ያንኳኩልኛል፤ እኔም ሁለቴ እመልሳለሁ። ሰላምታችን እሱ ነበር። ሰውየው ሳንባቸውን ስለሚያማቸው በኋላ በኋላ የስፌት መኪናቸውን ትተው ቀኑን ሙሉ ይተኙ ጀመር። የእኔም ጭንቀት ያን ጊዜ ባሰ።

ዋናው ጭንቀቴ ሬዲዮው ነው። ባሌ የተወልኝ፣ ካሴት የሚያጫውት፣ ሁለት ትልልቅ ድምፅ ማጉያ ያለው። የድምፁ መዞሪያ አርጅቷል። ትንሽ ሲነኩት ይንጫረራል፤ ከዚያ ወይ ጭራሽ ዝም ይላል፣ ወይ ሰፈር እስኪሰማ ይጮሃል። መካከል የለውም። ስለዚህ ከመንካቴ በፊት ብርድ ልብስ አለብሰው ነበር። አንድ ቀን ዜና ለመስማት ብርድ ልብሱ ውስጥ ጭንቅላቴን አስገብቼ ሳለሁ ልጄ ደረሰችብኝ። ሳቀች። ከዚያ ሳቋን አቆመችና ቁጭ ብላ አየችኝ።

ልጄ ያን ጊዜ በአንድ የቴክኒክ ኮሌጅ ኤሌክትሮኒክስ ትማር ነበር። አንድ ልጄ ናት። እኔ አምስተኛ ክፍል ላይ ነው ያቋረጥኩት፤ የምታወራው ሁሉ ባይገባኝም አፏን እያየሁ እሰማታለሁ። ሬዲዮውን ፈታ መዞሪያውን አሳየችኝ። ውስጡ ከሰል የተቀባ ቀለበት አለው፤ ስንት ዓመት ሲፋቅ ኖሮ ተበልቷል። ሌላ መዞሪያ አላስገባበትም አለች። ያስገባችበት ከባቄላ የማትበልጥ፣ ስምንት እግር ያላት ጥቁር ነገር ነው። አጠገቧ ከእሷ ከፍ የምትል ሌላ አለች፤ ልጄ በኮምፒውተር የጻፈችላትን ትእዛዝ የያዘች። አንዷ አዛዥ ናት፣ አንዷ ታዛዥ። እኔ የገባኝ ይህን ያህል ነው። ሁለት ቁልፍ አደረገችበት፣ አንዱ ለመጨመር አንዱ ለመቀነስ፤ ከላይ ደግሞ ቀይ ቁጥር የምታበራ ትንሽ መስኮት። ቁጥሩ ከዜሮ እስከ ሃያ ነው።

"የድሮው የሚያውቀው እጅሽን ነው" አለችኝ። "ይቺ የምታውቀው ቁጥር ነው። ሁለት ካልሻት ሁልጊዜም ያው ሁለት ናት።"

እውነቷን ነው። በሁለት ስንከፍተው እኛ እንሰማለን፣ ጣውላው አይሰማም። እትዬ ራሳቸው ሬዲዮውን የሸጥኩት መስሏቸው ጠየቁኝ። በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ስጦታ ተሰጥቶኝ አያውቅም። የሌላ ሰው ልጅ ለእናቷ ወርቅ ታስራለች፤ የእኔዋ ፍርሃቴን በቁጥር አሰረችልኝ።

አንድ ጉድለት ነበራት፤ ልጄም አልደበቀችኝም። ያቺ ባቄላ መብራት ሲጠፋ የነበረችበትን ትረሳለች። መብራት ሲመጣ ከመሃል ነው የምትነቃው፣ አሥር ላይ። አሥር ማለት ደግሞ በእኛ ቤት ሰርግ ማለት ነው። ልጄ ፈተናዋን ስትጨርስ አዛዥየዋ የመጨረሻውን ቁጥር እንድትይዝ አድርጋ ልትጽፍላት አስባለች። እስከዚያው ድረስ ሥርዓት ሰጠችኝ። ሬዲዮውን ስከፍት መጀመሪያ ሶኬቱን እሰካለሁ፤ መስኮቷ አሥር ትላለች፤ እየተጫንኩ ወደ ሁለት አወርዳታለሁ፤ ከዚያ በኋላ ነው የሬዲዮውን ማብሪያ የምነካው። ስዘጋ ማብሪያውን አጠፋለሁ፣ ሶኬቱን እነቅላለሁ።

"ሶኬቱን ለእኔ ነው የምትነግሪኝ?" አልኳት።

ሶኬት መንቀል ለእኔ እንደ ማማተብ ነው። ምድጃውን ነቅዬ፣ ካውያውን ነቅዬ፣ በሩን በሁለት ቁልፍ ቆልፌ፣ ከግቢው በር ተመልሼ ደግሞ አያለሁ። በግቢያችን አንድ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ነበሩ፤ የሰው ስም የማያስቀሩ አራዳ። "እሷ እኮ ነፍሷ ልትወጣ ስትል፣ ቆይ ሶኬቱን ልንቀልና ትላለች" እያሉ ግቢውን ያስቁብኝ ነበር። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ስድብ አልነበረም፤ በዚህ ነው የምታወቀው።

ፒያሳ ውስጥ ሬዲዮና ድምፅ ማጉያ የሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ልጄ ዕረፍት ስታገኝ እየሄደች አጠገባቸው ትቀመጥ ነበር። ሬዲዮውን በታክሲ ጭነን ወሰድንላቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ቁልፎቹን ደጋግመው ተጫኑ፤ ቁጥሩ ሲወጣና ሲወርድ አዩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና፣ "እኛ ዕድሜያችንን መዞሪያ ስንቀይር ኖርን፤ ልጅሽ መዞሪያውን ራሱን ልታስቀርብን መጣች" አሉ። ልጄን ደግሞ ያቺን የመርሳቷን ነገር አስተካክላ እንድታመጣላቸው፣ ከዚያ በኋላ አጠገባቸው ያለው ወንበር የእሷ እንደሆነ ነገሯት። ወንበሩ ባዶ ነበር። ልጄ እስክንወጣ ድረስ እያየችው ነበር። ሌላ ነገር ስትመኝ አይቻት አላውቅም።

ልብስ ሰፊው ያረፉት በፈተናዋ ሳምንት ነው።

በእኛ ግቢ ሰው ሲሞት እስከ አርባው ሬዲዮም ቴሌቪዥንም አይከፈትም። ማንም ወጥቶ አያውጅም፤ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። ልጄ በመጀመሪያው ቀን ከለቅሶው ገባ ብላ ሶኬቱን ነቀለች፣ ገመዱን ጠቅልላ ሬዲዮው ላይ አስቀመጠችው። እዚያው ቆሜ አይቻታለሁ። በዓይኔ አይቻታለሁ።

በሰልስቱ ጠዋት ልጄ ወደ ፈተናዋ ሄደች። እኔ ነጠላ ልቀይር ወደ ቤት ገባሁ። በዚያ ሰሞን ሰፈራችን ሊነሳ ነው የሚል ወሬ በየቀኑ ይመጣ ነበር፤ ከላይኛው መንገድ ያሉት ተነግሯቸዋል፣ እኛ ቀጥለን ነን ይባላል። ለቅሶው ላይም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚያወሩት እሱኑ ነው። የጠዋቱ የሬዲዮ ዜና ይነግረን ይሆናል ብዬ ሁለት ቀን ሳልሰማ መዋሌ ያሳስበኝ ነበር። ሰዓቱን አየሁ፤ ዜናው ሊጀምር ነው። ገመዱን ፈታሁ፤ ሰካሁ፤ ከአሥር ወደ አንድ አወረድኩ፤ ማብሪያውን ነካሁ። ጆሮዬን ድምፅ ማጉያው ላይ ለጥፌ ተቀመጥኩ። ከጣውላው ማዶ እትዬ ያለቅሳሉ፤ እኔ ዜና እሰማለሁ።

ስለ ሰፈር ማውራት ሳይጀምሩ መብራት ጠፋ። በዚያው ቅጽበት ከውጭ ጠሩኝ። ከሟቹ አገር ሰዎች ደርሰዋል፣ እጅ የሚያስታጥብ ጠፍቷል። ብድግ አልኩ። ሬዲዮው ዝም ብሏል፣ መስኮቷ ጨልማለች። ዝም ሲል በእጄ የዘጋሁት መሰለኝ። ነጠላዬን ደርቤ፣ በሩን በሁለት ቁልፍ ቆልፌ ወጣሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ሶኬት ስነቅል ኖሬ በዚያች ቀን አልነቀልኩም።

ድንኳኑ ውስጥ እንግዶቹን እጅ አስታጥቤ ከሴቶቹ መካከል ተቀመጥኩ። እትዬ ተነስተው ሙሾ እያወረዱ ነበር፤ ባላቸው ለመጨረሻ ጊዜ የሰፉትን ኮት እየጠሩ። እጀታው ሳይገባ የቀረ ኮት ነው። ሰዉ ሁሉ ያለቅሳል። የድንኳኑ አምፖል ቦግ አለ። አንዷ በልማድ "እሰይ" አለች።

ከዚያ የሰርግ ዘፈን መጣ። ከበሮ፣ እልልታ፣ ጭብጨባ፤ ከእኔ ቤት፣ በጣውላው አልፎ፣ በእትዬ ክፍል አልፎ፣ በድንኳኑ ላይ ወረደ።

እትዬ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። እኔ ሮጥኩ። ቁልፎቹን ከመቀነቴ ውስጥ ፈልጌ አጣሁ፤ ሳገኛቸው ደግሞ የላይኛውን ለታችኛው እሞክራለሁ። ሌባ ፈርቼ ያስገጠምኳቸው ቁልፎች ናቸው። ሙሽራው ሲወደስ፣ የሙሽራዋ እናት ስትወደስ፣ ሁሉንም በሬ ላይ ቆሜ ሰማሁት። ገብቼ ሶኬቱን ስነቅል ዘፈኑ ሊያልቅ ጥቂት ነበር የቀረው።

ስመለስ ሾፌሩ ነገሩን ሊያበርዱ፣ ሟቹም ጨዋታ ይወዱ እንደነበር ተናገሩ፤ ማንም አልሳቀም። አንዱ ከወንዶቹ በኩል፣ "ልጅቱ ሬዲዮውን ብልጥ አደረገችው አላላችሁም? ይኸው ከእኛ ቀድሞ ሰርግ ደገሰ" አለ። የእትዬ እህት ወደ እኔ ዞሩ። ያቺ ልጅ ሬሳው ሳይበርድ መጫወቻ ታደርገናለች ወይ አሉ። ልጄ የሠራችው ነገር እንደሆነ ግቢው ሁሉ ያውቃል፤ ስኩራራባት የኖርኩት እኔው ነኝ። ስለዚህ ማንም እኔን አልጠረጠረም። ማን ይጠረጥረኛል?

አፌን ከፈትኩ። እኔ ነኝ ልል ነበር ብዬ መጻፍ እችላለሁ፤ ግን አይደለም። በእትዬ ባል ለቅሶ ጆሮዋን ሬዲዮ ላይ ለጥፋ ዜና ስትሰማ ነበር ሲሉኝ ታየኝ። በእኔ ላይ ዕድሜ ልክ ይቀመጣል፣ ልጅ ግን ይረሳል ብዬ አሰብኩ። በአንዲት ትንፋሽ ነው ይህን ሁሉ ያሰብኩት።

"ልጅ ናት፣ ይቅር በሏት" አልኩ።

ቀና ስል ልጄ የድንኳኑ መግቢያ ላይ ቆማለች። ከፈተናዋ መምጣቷ ነው፤ ደብተሯን ደረቷ ላይ ይዛለች። ሰምታኛለች። ምንም ሳትጠይቅ ሄዳ እትዬ እግር ላይ ወደቀች። እትዬ አነሷት፤ ግን አልሳሟትም።

ቤት ስንገባ በሩን ዘጋችና ሬዲዮው ፊት ቆመች።

"እማዬ፣ እኔ እኮ ነቅዬው ነበር። ገመዱን ጠቅልዬ ላዩ ላይ ነው ያስቀመጥኩት።"

"ረስተሽ ይሆናል" አልኳት።

"አንቺ አልነካሽውም?"

"እኔ ምን ልሠራ እነካዋለሁ።"

አልተቆጣችም፣ አልተከራከረችም። ቁጭ ብላ እጆቿን ገልብጣ ታያቸው ጀመር፤ የነቀሉትንና ያልነቀሉትን ከእነሱ የምትሰማ ይመስል። የቀረው አንድ ፈተና ነበር። አለፈችው፤ ሁሉንም አለፈች። እኔም ልጅ ይረሳል ያልኩት ትክክል መሰለኝና ተጽናናሁ።

እትዬ አልረገሙንም። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ጣውላውን አላንኳኩም። ጠዋት ነቅቼ እጠብቃለሁ፤ እኔም ቀድሜ ለማንኳኳት እጄን አንስቼ መልሼዋለሁ።

ልጄ ያቺን መስኮትና ባቄላዋን ፈታ በካርቶን አስቀመጠቻቸው። ልትጽፍላት ያሰበችውን አልጻፈችላትም። ጠጋኙ ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ደወሉላት፤ በኋላ ምኒልክ አደባባይ አጠገብ አግኝተውኝ ወንበሩ አሁንም ባዶ መሆኑን እንድነግራት አደራ አሉኝ። ነገርኳት። ልብስ እያጠፈች ነበር፤ ቀና አላለችም።

"ነቀልኩ ብዬ የምምልበትን ሳልነቅል ከቀረሁ፣ የሰው ቤት መብራት በምን ልቤ ልንካ? አንድ ቀን ሰው እገድላለሁ።"

ያን ጊዜ ብነግራት ኖሮ ወንበሩ ገና ይጠብቃት ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ነገ እላታለሁ እያልኩ ስንት ነገ አለፈ።

ከዚያ በኋላ የማየው የራሴን በሽታ ነው። በሩን ቆልፋ ትሄድና ትመለሳለች። የምድጃውን ሶኬት ነቅላ በእጇ ይዛ ታየዋለች፣ አስቀምጣ ደግሞ ታየዋለች። በትንሽ ወረቀት ላይ ያጠፋችውን እየጻፈች ቦርሳዋ ውስጥ ትከታለች፤ መንገድ ላይ ስትጨነቅ አውጥታ ታነበዋለች። የእኔ ከእናቴ የወረስኩት ፍርሃት ነው፤ በረሃብና በሌባ የመጣ ነው፣ ምክንያት አለው። የእሷ ግን ከእኔ አፍ ነው የመጣው። ስታመነታ ባየሁ ቁጥር "ነቅለሻል፣ አይቼሻለሁ" እላታለሁ። አትሰማኝም። ያኔ ማለት የነበረብኝን አሁን በማይጠቅምበት ቦታ እላለሁ።

ሰፈራችንም ተነሳ። ዜናው ሳይሆን አንድ ወረቀት የያዘ ሰው መጥቶ ነገረን። እቃችንን ስንጭን እትዬ ከእህታቸው ጋር ወደ ሌላ ዳርቻ ሊሄዱ ተነስተዋል። ልሰናበታቸው ገባሁ። ጣውላው በእነሱ በኩል አቡጀዲው ተገፎ አየሁት፤ በጣም ስስ ነው። ሳሙኝና፣ "ልጅሽን ሳሚልኝ። ልጅ ናት ብዬ ይቅር ካልኳት ቆይቻለሁ" አሉኝ። እሺ አልኳቸው። እቃችንን የጫነው መኪና ሾፌር ይጠራኝ ነበር፤ እሱን ሰበብ አድርጌ ወጣሁ።

አሁን የምንኖረው ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ነው። ግድግዳው ብሎኬት ነው፤ ጎረቤቴን አላውቃትም። ልጄ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ደብዳቤ ትቀበላለች። ጥሩ ሠራተኛ ናት ይላሉ፤ እያንዳንዱን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ እንደምታይ ነገሩኝ፣ ሲያመሰግኗት ነው። መሥሪያ ቤቷ ውስጥ መብራት ሲበላሽ ሌሎቹ ይነካካሉ፤ እሷ ትወጣለች።

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ምስር እየለቀምን ነበር። ትሪው በመካከላችን ነው። ዓይኗን ሳላይ ነገርኳት። ገመዱን እንደፈታሁ፣ አንድ ላይ እንዳደረግኩት፣ መብራት እንደጠፋ፣ ሳልነቅል እንደወጣሁ። ዜናው የት ላይ እንደተቋረጠ ሳይቀር ነገርኳት። ያለ አንዲት ውሸት ይህን ያህል ተናግሬ አላውቅም።

እጇን ምስሩ ላይ አድርጋ አዳመጠችኝ። ስጨርስ ፈገግ አለች። ትቆጣለች፣ ታለቅሳለች፣ ተነስታ ትሄዳለች ብዬ ነበር የፈራሁት፤ ፈገግ ትላለች ብዬ አላሰብኩም።

"አንቺ?" አለች። "አንቺ ሶኬት ሳትነቅይ ከቤት ወጣሽ?"

ማልኩላት። እንዳልምል እጄን ያዘችኝ፤ ለእሷ ብዬ በእግዚአብሔር ስም ኃጢአት እንዳልገባ ለመነችኝ። ሲጨንቃት እያየሁ ላጽናናት ብዬ ጥፋቷን ልወስድላት የፈለግኩ ነው የመሰላት። "ታዲያ ያን ቀን ለምን አልነገርሽኝም?" ብላ እንድትጠይቀኝ ጠበቅኩ። ብትጠይቀኝ ፈርቼ ነው እላት ነበር። እሷም ነገሩን አነሳችው፣ ግን መልስ ፈልጋ አይደለም፤ ልታስረዳኝ ነው።

"አንቺ ብትሆኚ ኖሮ ያኔውኑ ትናገሪ ነበር" አለችኝ። "እናት በልጇ እንዲህ አታደርግም።"

ይህን ያለችው እኔን ከራሴ ልታስጥለኝ ነው። ከዚያ ትሪውን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ መልቀሟን ቀጠለች። እኔም ከወዲህ በኩል ቀጠልኩ፤ ሌላ የማደርገው አልነበረኝም።